አሥራ አንድ ከመቶ ላይ

ዛሬ ጠዋት በእጣቢ ሻይ አፈላሁ።

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ባለቤቴ እታፈራሁ በር ሥር ሁለት ቢጫ ጀሪካን አስቀምጣ ነበር፤ በአንዱ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው ትናንት ልብስ የታጠበበት። «እጣቢውን ሽንት ቤት ድፋው» አለችኝ። ታዛዥ ባል ነኝና ደፋሁ። ከዚያ ከቀረው ጀሪካን ቀድቼ ሻይ ጣድኩ። ሻዩ አረፋ ሲያወጣ «ዛሬስ እግዜር ማኪያቶ ሰጠኝ» ብዬ ደስ አለኝ፤ እስክቀምሰው ድረስ።

እታፈራሁ ጀሪካኑን አሸተተችና ወገቧን ይዛ ሳቀች። «አይ አንተ ሰውዬ! ደህናውን ደፍተህ እጣቢውን ታቅፈህ ቀረህ?»

እኔም ሳቅኩ። በራሴ መሳቅ የቆየ ሙያዬ ነው። ግን ሳቄ መሀል ላይ ተቆረጠ። ይህችን ቃል ሊለኝ የሚገባ ሌላ ሰው ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። አላለኝም፤ ስላላየኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእታፈራሁ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩም። በጾም እርጎ መላሴን፣ ጎረቤት ማማቴን አንድ በአንድ እዘረዝርላቸዋለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ለምን? ለራሴ የማቀርበው ምክንያት ያስቃል፤ ዲስክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል እላለሁ። ውሸቴን ነው። ለእሳቸው ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ ይኸው ለአንተ ላስረዳህ አይደል?

ያኔ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነበረኝ። በጽሕፈት መኪና ያረጀሁ ሰውዬ ነኝ፤ ኮምፒውተር የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ሽበቴን ያየ ሁሉ አዋቂ መሰልኩትና «ዶክተር» አለኝ። እኔም አመንኩ። ሰው ሲያሞግሰኝ ቶሎ ማመን ልማዴ ነው።

አንድ ቀን መምህር ሰይድ ከአልዩ አምባ መጣ። ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በሰሌን ዘንቢል ውስጥ አስቀምጦ፣ ያን ሁሉ የአንኮበር አቀበት ጭኑ ላይ ታቅፎት ነው የመጣው። የቆላ ሰው ነውና በእኛ ብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢውን ግን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፤ መገልበጫ የሚሆን አዲስ ዲስክ ይዣለሁ» አለኝ። «ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ ያለው በሌላ አገር የለም።»

አልዋሸም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ በየመንደሩ እየዞረ፣ አርጎብኛ የሚችሉ ሽማግሌዎችን ድምፅ ሲቀዳ ኖሯል። እነሱ ከሞቱ ቋንቋውን በዚያ አካባቢ የሚናገር እንደማይቀር ያውቃል። የእናቱም ድምፅ እዚያው ነበር። እሷ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ዲስኩ መሥራቱን ልይ ብዬ አንዱን ከፈትኩት፤ አንዲት አሮጊት የዕቃ ስም እየጠራች ሳለ ዶሮ ገባባት መሰለኝ፣ «እሽ!» ብላ አባረረችና ከልቧ ሳቀች። መምህር ሰይድ መሬት መሬቱን እያየ «እናቴ ናት» አለኝ።

የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ዲስኩን እንዳለ፣ ከነአቀማመጡ ከነፋይሉ፣ በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ምስሉን ማንሳት ነው። ባለሙያዎች ኢሜጅ ይሉታል። ምስሉን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጠህ፣ ትክክል መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያመሳክር ታዝዘዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ ዲስክ ላይ የምትመልሰው። መምህሩ ይህን አንብቦ መጥቷል። «ሦስተኛ ዲስክ ልግዛ? መጀመሪያ ኢሜጁን እናስቀምጥ?» አለኝ። እኔ ዶክተሩ ምን አልኩ? «ምን ያደርግልሃል! ከዲስክ ወደ ዲስክ በቀጥታ እገለብጠዋለሁ» አልኩ።

ፕሮግራምም ምረጥ ከተባለ ሁለት ነበረኝ። አንደኛው የዲስኮቹን ሥዕልና ስም እያሳየ፣ «ይህ ዲስክ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ?» እያለ ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ነው። ሌላኛው ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው፤ ያዘዝከውን ይፈጽማል፣ አይከራከርህም። ጥቁሩን መረጥኩ። ይሻላል ብዬ ነው? አይደለም። ጥቁር ገጽ ላይ ስጽፍ ደንበኛ በአድናቆት ያየኛል። የአንድ ቋንቋ ትራፊ በእጄ ላይ ሆኖ እኔ የመረጥኩት የሚያምርብኝን ነው።

አሮጌው ዲስክ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «እናት» ብዬ ጻፍኩ፤ አዲሱ ላይ «ልጅ»። ከአንደኛው ገመድ ወደ ሁለተኛው ገልብጥ ብዬ አዘዝኩ። ወዲያው መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የምናደርገውን ታውቃለህ፤ ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥል ሁሉንም እንነቅላለን። ነቀልኩ። ሲመለስ ሰካሁ፤ ስሰካ ገመዱ ተለዋወጠብኝ። ያንኑ ትእዛዝ ቃል በቃል ደግሜ ጻፍኩ።

መምህሩ ለዙሁር ሶላት ሊወጣ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ትእዛዟን እስቲ አንዴ ያንብቧት» አለኝ።

«ሂድና ስገድ ወዳጄ» አልኩት። «አንተ ፈጣሪህን እመን፣ እኔን ደግሞ ለዛሬ እመነኝ።» ሳቀና ሄደ። ቁልፉን ተጫንኩት።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ለእታፈራሁ ነግሬ አብረን በሳቅንበት ነበር፤ ወይ አብረን ባለቀስንበት። የምናዘዘው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው።

ጥቂት ቆይቼ እጄን ላሞቅ ወደ ዲስኮቹ ጎንበስ አልኩ። «እናት» የሚለው ፕላስተር በሁለተኛው ገመድ ላይ ነበር። ባዶው በሙሉው ላይ እየተገለበጠ ነው። ቀና ብዬ ገጹን አየሁ፤ አሥራ አንድ ከመቶ ይላል።

አሥራ አንድ! ገመዱን ብነቅለው ከቀረው ብዙውን የሚያወጡ ሰዎች አዲስ አበባ ነበሩ። ይህን አውቅ ነበር። ዛሬ ያወቅኩት አይደለም፤ ያኔ፣ በዚያች ደቂቃ፣ እጄ ገመዱ ላይ ሳለ አውቅ ነበር። ነገር ግን ሌላም ነገር አውቅ ነበር። በግማሽ ከቆመ ዲስኩ ይመሰክርብኛል። የሚያየው ባለሙያ «ይህ አልተበላሸም፤ ሰው ነው የገለበጠበት» ይላል። መናኸሪያው ሁሉ ይሰማል። ዶክተሩ ይዋረዳል። እስከ መጨረሻው ከሄደ ግን ድራሹ ይጠፋል።

እጄን ከገመዱ ላይ አነሳሁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ማን ያዘኝ? ማን አስገደደኝ? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አሥራ ሁለት ሲል፣ ሃያ ሲል፣ ሃምሳ ሲል አየሁ። መምህሩ ከሶላት መልስ ምሳ በልቶ ሻይ ይዞልኝ መጣ፤ «አልደረሰም» ብዬ መለስኩት። ሻዩን ጠጣሁት። መቶ ሲሞላ ፕላስተሮቹን ልጬ ኪሴ ከተትኩ። አንዲት አሮጊት ዶሮ እያባረረች የሳቀችው ሳቅ ሲጠፋ እያየሁ አስጨረስኩ። ነፍሰ ገዳይ እንኳ እንዲህ ተመቻችቶ አይቀመጥም።

ተመልሶ ሲመጣ ምን አልኩት? «ዲስኩ ሞቷል» አልኩት። ይህም አልበቃኝም። «በዚያ ኮረኮንች ጭንህ ላይ እያንገጫገጭክ አምጥተኸው ምን ይሁን? ቀድመህ ብታመጣው ኖሮ…» አልኩ።

ጋቢውን አጣጠፈ። ከዚያ «እንግዲህ ያጠፋኋት እኔ ነኛ» አለ።

አይደለህም ማለት ሁለት ቃል አይሞላም። አላልኩም።

«አዲስ አበባ የሚያወጡ አሉ ይባላል» አለኝ ቀጥሎ። «በከንቱ ትደክማለህ» አልኩት። የድካሜን ሊከፍለኝ ሲል እጁን ይዤ እምቢ አልኩ፤ እሱም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ መረቀኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። አሜን ብያለሁ፤ ጮክ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን ስተርት ኖርኩ። «ከአልዩ አምባ አንድ መምህር ነበር፤ መጠባበቂያ ቅጂ ሳያስቀምጥ ዘግይቶ…» እያልኩ። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። የገዛ ወንጀሌን የሌላ ሰው ቸልተኝነት አድርጌ ማስተማሪያ ያወጣሁ ብልህ ሽማግሌ ነኝ!

መምህር ሰይድ በሕይወት አለ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑም ደክሟል አሉ። ሎሚ በደረሰ ቁጥር በሹፌር ይልክልኛል፤ ለደከምኩለት። እታፈራሁ «እንዴት ያለ ሰው ነው!» እያለች ለጎረቤት ታካፍላለች። ባለፈው ዓመት ሎሚው የመጣው ያኔ ኮምፒውተሩን በያዘባት በዚያችው የሰሌን ዘንቢል ነው። ሹፌሩ መልእክት ነበረው፤ «ጋሼ ዘንቢሏን ይመልሱልኝ፤ የእናቴ ናት፤ ከእሷ የቀረችኝ ይቺው ናት» ብሏል አለኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታው የአንተ አይደለም። ቀርቤ ልጠይቀው የሚገባኝ አልዩ አምባ ነው፤ መኪናም በየቀኑ አለ፤ እግሬም ደህና ነው። አልሄድኩም።

ዘንቢሏ ዓመት ሙሉ ከበሩ ጀርባ ተሰቅላ ትኖራለች። «ምነው አትመልስላቸውም?» ትለኛለች እታፈራሁ። በአገራችን የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ የምከትባት ፈልጌ ነው እላታለሁ። ባዶ ዲስክ አሸክሜ የሸኘሁ ሰውዬ፣ ባዶ ዘንቢል መመለስ አሳፈረኝ።