ከነጩ መስመር ወጥቼ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሜዳ አድርሼ ስመለስ የጫማዬ አፍንጫ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። የመስመር ማስመሪያው ዱቄት ነው። በመዳፌ ጠርጌ ሳሸተው ያ ደረቅ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር ሽታ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ወዳለው የልጅነቴ ሜዳ ይዞኝ ጭልጥ አለ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስልክ የሚታጠፍበት ዘመን። ሶፍትቦልን፣ ያን የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ እወድ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አብጄለት ነበር። እናቴ ግን ሴት ልጅ አፈር ላይ እየተንሸራተተች፣ ጉልበቷን እየላጠች መዋሏ አልዋጥላት አለ። ስትነዘንዘኝ ከርማ በመጨረሻ ነገሩን ለአያቴ ጣለችው። አያቴ ገና ከአገር ቤት መምጣታቸው ነበር፤ በአገራቸው ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠበኛ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው።

"አባባ መጥተው ይዩት። እሳቸው ተይ ካሉሽ ትተያለሽ" አለችኝ።

"ኦኬ፣ ፋይን" አልኳት።

ዳኛችን ፂማቸው የሸበተ ፈረንጅ ነበሩ። መቺዋ የምትቆምበት በነጭ መስመር የታጠረ ሳጥን አለ፤ ተራሽ እስኪያልቅ ቢያንስ አንድ እግርሽ ከዚያ መውጣት የለበትም። ሌሎቹ ዳኞች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እኚህ ግን ፍንክች አይሉም፤ አንዴ ያስጠነቅቃሉ፣ ከደገምሽው ስትራይክ ነው፣ ማለት አንድ ጥፋት ይቆጠርብሻል፤ ስትራይክ ሦስት ከሞላ ደግሞ ደህና ሁኚ። እኛ ልጆቹ በመስመሩ ጠመኔ ስም በድብቅ "ሚስተር ቾክ" እንላቸው ነበር።

አያቴ ሊያዩኝ በተቀጠሩበት ቀን የመጨረሻዋ መቺ እኔ ሆንኩ። ሁለት ስትራይክ አለብኝ፤ ሄልሜቴን ላስተካክል ብዬ ወጥቼም ማስጠንቀቂያዬን ቀምሻለሁ። አያቴ ገና አልመጡም። አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ወርዋሪዋ ክንዷን ልታዞር ስትል ከሽቦው አጥር ወዲያ የከዘራ ኳኳታ ሰማሁ። አያቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከእናቴ ጋር እየመጡ ነው። እኛ ያደግነው ታላቅ ሲመጣ ብድግ እያልን ነው፤ ጀርባ ሰጥቶ መቆም ነውር ነው። ሳላስበው ዱላዬን መሬት አስቀምጬ፣ ከሳጥኑ ወጥቼ፣ ሄልሜቴን አውልቄ እጅ ነሳሁ።

"እንደምን ዋሉ፣ አባባ?"

"ስትራይክ ስሪ!" አሉ ዳኛው ከኋላዬ።

በቃ፣ ሰላም ብዬ ወጣሁ። ጨዋታውም በዚያው አለቀ፤ ተሸነፍን። እናቴ አጥሩን ጨብጣ "ሽማግሌ ሰላም ባለች? ዚስ ኢዝ ኖት ፌር!" ብላ ጮኸች። አያቴ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እየተነፋረቅሁ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና ከዘራቸውን ይዘው ወደ ዳኛው አመሩ። ጠብ ሊነሳ ነው አልን። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ሰውየው ግራ ቢገባቸውም ፊታቸውን ከኳስ የሚከላከሉበትን ጭንብል አውልቀው ጎንበስ አሉ።

"ዳኛ ማለት እንዲህ ነው፤ የልጅ እንባ አይቶ መስመሩን የማያጥፍ" አሏት አያቴ ለእናቴ። "ትጫወት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በችሎት መሃል ሰላም በሉኝ ብሎ የሚገባ ማን ነው?"

ደስታዬን በምን ቃል ልግለጸው! ያን ቀን የተሸነፈች የማትመስል ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ አያቴ ከአንድም ጨዋታ አልቀሩም። ግን ተራዬ በደረሰ ቁጥር ከመቀመጫቸው ተነስተው ከሜዳው ዳር ካለች ዛፍ ኋላ ይሸሸጋሉ፤ አይቻቸው ሰላም ልበል ብዬ እንዳልወጣ ነው። ለጨዋታ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ዛፍ ስላልነበረ የሰው ቫን ኋላ ይቆሙ ነበር። የኛዋ ዛፍ ቀጭን፣ እሳቸው ደንዳና፤ ባርኔጣቸው በአንድ ወገን፣ ከዘራቸው በሌላው ብቅ ይላል። የቡድኑ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም እየሳቅሁ እመታለሁ፤ የመታሁ እንደሆነ ዛፏ "እሰይ የኔ ልጅ!" ትላለች። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድም የሚግባቡበት ቃል ሳይኖራቸው አንዱ ባርኔጣውን፣ አንዱ ጭንብሉን አውልቆ እጅ ይነሳሳሉ።

አሥራ ስድስት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በብርዱ ወራት አያቴ አረፉ። አየሩ ሞቅ ሲል የመጀመሪያው ጨዋታ እዚያው ሜዳችን ላይ ሆነ። ተራዬ ደርሶ ሳጥኑ ውስጥ ገባሁና ዛፏን አየኋት። በግራም በቀኝም ብቅ ያለ ነገር የለም። እግሬ አላስችል አለኝ። ወጣሁ፤ ሄልሜቴን አውልቄ ወደ ዛፏ እጅ ነሳሁ፤ በዚያ ጨዋታ ማስጠንቀቂያዬን ቀደም ብዬ ቀምሼ ነበርና ስትራይኬን ጠበቅሁ።

"ታይም" የሚል፣ ስትራይክ ሳይቆጥር ጨዋታውን የሚያስቆም ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል ሚስተር ቾክ ጭንብላቸውን አውልቀው፣ እሳቸውም ወደ ዛፏ ጎንበስ ብለዋል።