ሐይቅ ላይ የሚያኮርፈው ሞተር

ኮምቦልቻ ውስጥ ስመኝን ያቃታት ሞተር የለም ይባላል። ባይባል ይሻላት ነበር። ክር ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ማሽን ስትጠግን ኖራ፣ አሁን በራሷ ቤት ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ትሠራለች። ሴት ምን ታውቃለች ብሎ የመጣ ሁሉ ሞተሩን አስነስታለት አፍሮ ይመለሳል። የጋሽ ሀይደርን የጀልባ ሞተር ግን ሦስት ጊዜ ፈትታ ገጥማዋለች፤ ሦስቴም ተመልሶ መጥቶባታል።

ጋሽ ሀይደር ከደሴ አልፎ ያለችው የሐይቅ ከተማ ሰው ናቸው። ጠዋት መረባቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ በጀልባቸው ሰው ያሻግራሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ይነሳል። መሀል ሐይቅ አጥፍተውት፣ መረባቸውን አንስተው ሲስቡት ግን ወይ ፍንክች። አንድ ሰዓት ካልጠበቁት አይነሳም። ቀኝ ትከሻቸው ከተሰበረ ወዲህ ገመዱን በግራቸው ይስባሉ፤ መቅዘፍ ግን የሁለት እጅ ሥራ ነው። ተሳፋሪ መፍራት ጀመረ። ባለጀልባዎቹም ተሰብስበው፣ ሞተሩ እስከ እሁድ ካልተስተካከለ ሰው እንዳያሻግሩ ወሰኑባቸው። በሰባ ዓመታቸው ከሐይቁ ከወጡ ሽማግሌው በሕይወት ብዙ እንደማይቆዩ ስመኝ ታውቀዋለች።

ግራ ያጋባት ነገር፣ ሞተሩ እሷ ቤት ጨዋ ነው። በርሜል ውሃ ውስጥ ተክላ፣ ክዳኑን አውልቃ፣ እጅ እስኪያቃጥል ታሠራዋለች፤ አጥፍታ ስትስበው ወዲያው ይነሳል። ካንዴላ ለወጠች። ካርቡሬተሩን አጠበች። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ወጥታ ኮይል ገዝታ ገጠመች። ሐይቅ ሲመለስ ያው ነው። ሰው ደግሞ ምክር አያጣም፤ አንዱ ቤንዚኑ ውሃ አለበት አለ፣ ሌላው ሐይቁ ባለቤት አለው አለ። ስመኝ በጂን አታምንም። በሦስተኛው ጊዜ ግን ማመን ትንሽ አምሯት ነበር፤ ቢያንስ ጥፋቱ የሌላ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቷን ዘግታ ከሽማግሌው ጋር ሐይቅ ሄደች። መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ጋሽ ሀይደር ሞተሩን አጠፉ፤ እሷ መረቡን ልታግዛቸው ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ያንን የጋለ ሞተር እንደ አራስ ልጅ ጥቅልል አድርገውታል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላብ ላይ ነው፤ ንፋስ ከመታው ይታመምብኛል» አሉ፣ የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው። «አንቺው አይደለሽ እንደ ሰው ያዙት ያልሽኝ?»

ብላ ይሆናል። ዘይት በወቅቱ እንዲለውጡ ለደንበኛ ሁሉ የምትለው ነገር ነው። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል፤ በፈላ ቤንዚን ደግሞ ሞተር አይነሳም። እሷ ቤት ክዳኑ ክፍት ነው፣ ጋቢም የለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ፤ እሷ ግን ስትጠመጥም ከርማለች።

ጋቢውን ገፈፈች፣ ክዳኑን አነሳች፣ የሐይቁ ንፋስ እንዲመታው ተወችው። ጋሽ ሀይደር ልጃቸው ብርድ ላይ የተጣለባቸው ይመስል በጭንቀት ያዩታል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ነዳጅ መስጫውን ከፈት አድርጋ ገመዱን አስያዘቻቸው። በሁለተኛው ሲስቡት ተነሳ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ወላሂ፣ እኔው ነኝ ሳፍነው የከረምኩት» አሉ።

«የለም ጋሼ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ካጠፉት በኋላ ምን ያደርጉታል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩዎትም።»

ጋሽ ሀይደር ማንም ሳያዛቸው ሞተሩን መልሰው አጠፉት፣ ክዳኑን በገዛ እጃቸው አነሱ፣ ተቀመጡ።

«አሁን ዙሪ ልጄ» አሏት። «ነገ ሰው ስጭን አንቺ አጠገቤ የለሽም።»

ስመኝ ፊቷን ወደ ዳር አዞረች፣ እጆቿን ጉልበቷ መሀል ቀብራ ጠበቀች። ሩብ ሰዓቱ አላልቅ አለ። በመጨረሻ ገመዱ ሲሳብ ሰማች፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ሽማግሌው እንባቸውን ይጥረጉ ብላ፣ ዳር እስኪደርሱ ድረስ አልዞረችም።