ጠባቡ ለእኔ

የአያቴ አርባ እንኳን ሳይወጣ አክስቴ ጠረጴዛቸውን ለቆራሌው ሸጠችው። «ጠማማ ዕቃ ለኮንዶሚኒየም አይሆንም» አለችኝ። ጠማማ! እሱ ላይ በልታ አድጋ!

አያቴ፣ እኛ «አባባ» የምንላቸው፣ የጂኦሜትሪ አስተማሪ ነበሩ። የፈረሰው የልደታ ቤታችን ግድግዳ ሰያፍ ስለነበር፣ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን ሰፊ፣ በፊት ለፊቱ ጠባብ አድርገው ራሳቸው ሠሩት። እንግዳ ሲስቅ «ትራፒዚየም እኮ ነው! ላቲን ከግሪክ የወሰደው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ትንሽ ጠረጴዛ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ «ጠባቡ ለእኔ፣ ሰፊው ለእናንተ» ብለው ጥጉ ውስጥ ተሸጉጠው ይቀመጣሉ።

አዲሱ ባለመስታወት ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ትናንት ለምሳ ስንቀርብ ግን ቦታ አነሰንና በክርን ተገፋፋን። «ጠባቡ ለእኔ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።