ያሞገስኩት ሥዕል

ከልጄ ጋር ውላችን እንዲህ ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜ እሷ ጋለሪ ትመርጣለች፣ እኔ ምሳ ቤት። ምሳ ቤቱ ከጋለሪው በእግር የሚደረስ መሆን አለበት። ይህችን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የቦሌን የመኪና ሰልፍ በባዶ ሆድ የምችል ሰው አይደለሁም። እሷ ሲኤምሲ ተከራይታ ትኖራለች። እኔ ሃያ ሁለት ሰፈር መጋረጃ እሸጣለሁ። ሱቁን እንድትረከበኝ ብጠይቃት "አባዬ፣ እኔ መሳል ነው የምፈልገው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህች ቅዳሜ በቀር በወጉ የምናወራበት ቀን የለንም። በስልክማ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ነው።

ጋለሪ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያንሾካሹካል። ለቅሶ ቤት እንኳ ንፍሮ ይቀርባል፤ እዚህ መቀመጫም የለም። ዕቃውን ሰቅለው ዋጋውን ይደብቃሉ። ምሳ የምንበላበት ሥጋ ቤትም እኮ ሰቅሎ ነው የሚሸጠው፤ ግን እዚያ በጣትህ ስትጠቁም ይቆርጡልሃል፣ "ምን ተሰማዎት?" ብሎ የሚያደርቅህ የለም።

ቢሆንም ለመድኩት፣ በነጋዴ ዐይን እያየሁ። የእኛ ሕግ አጭር ነው፤ የፈለግከውን ዕቃ አታመስግን። ጅምላ አከፋፋይ ጋ ገብቼ ልቤ የወደደውን ጨርቅ ዳብሼ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጆንያ?" እላለሁ። የማልፈልገውን "በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይባርከው" ብዬ አልፋለሁ። ልጄ በእነዚያ የጨርቅ ጥቅልሎች ላይ እየተኛች ነው ያደገችው፣ ጠባዬን አሳምራ ታውቃለች። ጋለሪ ውስጥ አንዱን ሥዕል "ይሄ የግድግዳ ስንጥቅ ለመሸፈን ነው?" ካልኩ እየሳቀች "ወደድከው!" ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ አንድ ፎቅ ላይ ይዛኝ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆም አለችና "አባዬ፣ ዛሬ የኔም አንድ ተሰቅሏል" አለችኝ።

"እና ምን ላድርግ?"

"ምንም። እይልኝ ብቻ።" ጥፍሯን ትበላ ነበር።

ሥዕሉ የላምበረት መናኸሪያ ነው። አንዲት ሴት ጓዟ ላይ ተቀምጣ አውቶቡስ ትጠብቃለች፤ አጠገቧ እግሩ የታሰረ ዶሮ አለ። የሻንጣዋን ማንገቻ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠምጥማዋለች፣ እንቅልፍ ቢጥላት ሌባ እንዳይሞጨልፍባት። ያቺን ማንገቻ ሳይ ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ቆማ አይታ ነው ያመጣችው።

ጎኔ ቆማ ፊቴን ታነባለች። እኔም እንደ አባት ልሁን ብዬ "በጣም ቆንጆ ነው። ጎበዝ። እግዜር ይባርክሽ" አልኳት።

ፊቷ እንደ መጋረጃ ተዘጋ። "እሺ፣ ምሳ እንሂድ" አለች።

ሸክላ ጥብሱ እየተንጫጫ መጣ። እንጀራ ቆረሰችና መልሳ አስቀመጠችው።

"ምን ሆንሽ? አልበሰለም?"

"'እግዜር ይባርክሽ' አልከኝ።"

"ታዲያ ሰይጣን ይባርክሽ ልበል?"

"አባዬ፣ ሱቅህ ውስጥ እኮ ነው ያደግኩት። እንደዛ የምትለው የማትገዛውን ነው።" ዐይኗን ከሸክላው አላነሳችም። "ለኔ ብለህ በየጋለሪው አትንከራተት። ከፈለግክ ቅዳሜውም ይቅር።"

ዕድሜ ልኬን ስዋሽ የሚያምነኝ አላጣሁም፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር ጉድ ሆንኩ።

"ተነሺ" አልኳት።

"ጥብሱስ?"

አስተናጋጁን "እንዳታነሳው፣ የሚሰደብ ነገር አለ፣ ሰድበነው እንመጣለን" አልኩት።

ጋለሪው በር ላይ የምትቀመጠው ወጣት ስታየን ተነሳች። "አባባ፣ የረሱት ነገር አለ?"

"አለ እንጂ!" ብዬ በቀጥታ ሥዕሉ ፊት ሄጄ ቆምኩ፣ ድምፄንም ለቀቅኩት። "ይሄ ምንድን ነው? ዶሮው ባለሥልጣን ነው እንዴ ደረቱን የነፋው? ሰማዩን ደግሞ ምን አጥባበት ነው? ይህን ቀለም መጋረጃ አድርጌ ብሸጥ ደንበኛ ሱቄን ያቃጥለዋል! ይቺ ሴትዮስ ማንገቻውን እንዲህ የጠመጠመችው ማን ይወስድብኛል ብላ ነው? እኔ ነኝ ሌባው?"

እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩት ሁሉ ዞሩ። ወጣቷ ክንዴን ያዝ አድርጋ "አባባ፣ እባክዎ፣ ሠዓሊዋ እዚሁ ናት" ብላ አንሾካሾከች።

"ትስማ!"

ልጄ አፏን በሻርፗ አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትገልጠው በሳቅ እንባዋ ወርዷል። "ስንት ትላለህ?" አለችኝ።

"የመኪናውን ኪራይ ከቻልሽኝ በነፃ እገላግልሻለሁ።"

"አይሸጥም!"

"ይቅራ!" ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። የገዢ አካሄድ ይታወቃል፤ እግሩ ይሄዳል፣ ጆሮው ይቀራል። በሩን አለፍኩ፣ ዝም። ደረጃውን ጀመርኩ፣ ዝም። ይቺ ልጅ ሱቁን ብትረከበኝ ኖሮ ሃያ ሁለትን በሙሉ ታስለቅስ ነበር። ታች ልደርስ ስል እኔ ለደንበኛ በምጮህበት ድምፅ ከላይ ጮኸች፦

"ና ተመለስ! ውሰደው በቃ፣ ካንተ አይበልጥም!"

ጥብሱ በርዶ፣ ስቡ ረግቶ ጠበቀን። ጠቅለል አድርጋ አጎረሰችኝና "እንዴት ነው?" አለችኝ።

"የጫማ ሶል ነው" አልኳት። ሸክላውን ጠርገን ተነሳን።