ጋሽ ምናልባትና ሁለተኛው ሰርቨር

እኛ መሥሪያ ቤት የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠውን ድረ ገጽ የሚጠብቁትን ሰው በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው የለም። ለሁላችንም ጋሽ ምናልባት ናቸው። «ምናልባት መብራት ቢጠፋስ? ምናልባት አይጥ ገመዱን ብትበላውስ?» ሳይሉ ውለው አያድሩም። ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ጃንጥላ አለ፤ አንዱ ቢቀደድ ብለው ነው። እኔ የደንበኞችን ስልክ የማነሳዋ ነኝ። ድረ ገጹ በወደቀ ቁጥር ስድቡን የምጠጣው እኔ ስለሆንኩ በምናልባታቸው ስቄ አላውቅም። ውሸቴን ነው፣ ብዙ ጊዜ ስቄአለሁ።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸው ልትመረቅ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሳቸው ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ወጥተው አያውቁም፤ ዞር ሲሉ ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ይወድቃል፣ ከሳቸው ሌላ የሚያነሳው የለም። ሥራ አስኪያጃችን፣ የኔው እኩያ ናት፣ ቁርጡን ነገረቻቸው። ድረ ገጹ ያለሳቸው መቆም ከቻለ ይሄዳሉ፤ ካልቻለ ምረቃውን በቪዲዮ ያያሉ። እውነቷን ነበር።

ጋሽ ምናልባት ታጥቀው ተነሡ። ከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ሁለተኛ ሰርቨር ተከሉ፤ የመጀመሪያው የያዘውን ሁሉ በየደቂቃው እንዲገለብጥ አደረጉ። ከዚያ ወደ ዲኤንኤስ ዞሩ። ዲኤንኤስ ማለት፣ ደጋግመው እንዳስረዱኝ፣ ሰው የድረ ገጹን ስም ሲጽፍ የትኛው ሰርቨር ጋ እንደሚሄድ አድራሻ የሚሰጠው ነው። ሰዉ የድሮውን አድራሻ ቀኑን ሙሉ ይዞ እንዳይቆይ፣ በየአምስት ደቂቃው እንደ አዲስ እንዲጠየቅ አሳጠሩት። በመጨረሻም አንድ ጠባቂ ፕሮግራም ጻፉ። ዋናው ሰርቨር ትንፋሹ ሲጠፋ አድራሻውን ወደ ሁለተኛው የሚያዞረው እሱ ነው።

ምረቃው ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጃችን ቆማ እያየች፣ ዋናውን ሰርቨር በገዛ እጃቸው ከሶኬቱ ነቀሉት። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ ድረ ገጹ የለም። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ አሁንም የለም። የጠረጴዛዬ ስልክ መጮህ ጀመረ። ቅርንጫፉ ጋ ሲደውሉ ሁለተኛው ሰርቨር ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ ወደሱ የሚመጣ ሰው ነው የጠፋው። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጠባቂውን የጫንኩት ዋናው ሰርቨር ላይ ነው» አሉ።

ሥራ አስኪያጃችን አልገባትም፣ እኔ ግን ገባኝ። አይጧን እንኳ ያልረሱት ሰውዬ፣ ሟቹን የራሱን መርዶ እንዲያረዳ አዘውታል። ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ልጅቷ ትዝ አለችኝና አፈርኩ።

አድራሻውን በእጃቸው አዞሩት፣ ትኬቱም መሸጥ ቀጠለ። ጠባቂውን በዚያው ቀን ከዋናው ሰርቨር አውጥተው ከሁለቱም ውጭ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ማክሰኞ በድጋሚ ይፈተንልኝ ብለው ለመኑ። ሥራ አስኪያጃችን ራሷን ነቀነቀች።

«እርስዎ አጠገቡ ቆመው ፈተና አይባልም። ይሂዱ። ሐሙስ እኔ እነቅለዋለሁ።»

«ምናልባት ባይሠራስ?»

«እኛ እንሰደባለን። እርስዎ ግን ልጅዎን ያስመርቃሉ።»

ጋሽ ምናልባት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ አድርገው እንደገና አወለቁት። ለማንኛውም ብለው አድራሻውን በእጅ ማዞሩን አስተማሩኝ፤ በወረቀት ጽፈውም ሰጡኝ፣ በሁለት ቅጂ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጃችን ገመዱን መዘዘችው። ድረ ገጹ ጠፋ። ወረቀቴን ይዤ ጸሎት ይሁን ቁጥር የማላውቀውን ነገር አነበንባለሁ። በስድስተኛው ደቂቃ ገጹ መጣ። በዚያ መሃል አንድ ደንበኛ ብቻ ደወለ፣ እሱም አውቶቡስ ላይ ሻንጣ ረስቶ ነው። ሁለታችን ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን።

የምሥራቹን ልነግራቸው ደወልኩ። ከቢሮ ሲደወል ሁለተኛ ጥሪ አስጠርተው የማያውቁት ሰውዬ አላነሡም። በስንት ጥሪ የሴት ልጅ ድምፅ መጣ፤ ከኋላዋ ሙዚቃው ይደልቃል።

«አባዬ እየጨፈረ ነው፣ ስልኩን ለኔ ሰጥቶኝ» አለችኝ። «ልጥራው? አስቸኳይ ነው?»

«ኧረ ምንም የለም» አልኳት። «ተይው፣ ይጨፍር።»