ከሚስማሩ ያወረድኩት ሰፌድ

ይህ ከገጠመኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ መተማ ዮሐንስ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ዛሬም ሰፌድ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኛ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠን ሰሊጥ እናበጥራለን። ሰፌዱን የምናመጣው ከየቤታችን ነው። ማታ ስንወጣ ግድግዳው ላይ በየሚስማራችን እንሰቅለዋለን። የተሰቀለ ሰፌድ ነገ እመጣለሁ ማለት ነው። ሰፌዷን ይዛ የወጣች ሴት ሥራ ለቃለች።

በዚያ ሰሞን ማበጠሪያ ማሽን ሊመጣ ነው፣ ሁላችንም ልንቀነስ ነው ተባለ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ልጆቼን የማሳድገውም ለብቻዬ ነው። በርሜሉን ማሽላ ሞላሁት፣ የሻዩን ስኳር ቀነስኩ። እዚህ ቆላ እህል እንዲህ የሚከማቸው የክረምቱ ጭቃ መንገድ ሳይዘጋ ነው። ትልቋ ልጄ፣ "እማ፣ ክረምት ገባ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ማታ ከሥራ ስወጣ ሌላ ስጋት መጣብኝ። ነገ በሩን ዘግተው ቢጠብቁንስ? ሰፌዴ ውስጥ ቢቀርስ? ከተባረርኩ ቆሎ አበጥሬ ልሸጥ ያሰብኩት በእሱ ነው። ጠዋት እመልሰዋለሁ ብዬ በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ሄድኩ።

ጠዋት ስደርስ ቦታዬ ላይ የማላውቃት ልጅ ተቀምጣለች። ከወሎ ለአጨዳ መጥታ እዚሁ የቀረች ናት፤ ስሟ ሰዓዳ ነው። ሚስማሬ ላይ ሻሿን ሰቅላበታለች።

"ጋሼ፣ ቦታዬስ?" አልኳቸው ካቦውን።

"ሰፌድሽን አውርደሽ ሄደሽ የለም እንዴ? ለቀቀች ብዬ እሷን አስገባሁ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። "አይ ዘውዴ! ማሽኑ ሳይመጣ ራስሽን አባረርሽ!" አለችኝ አንዷ። እኔ ግን ለልጆቼ ምን ብዬ ልመለስ?

ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ። ሻሿን ከሚስማሩ አነሳችና ወደ ጎን ጠጋ አለች።

"ይምጡ እትዬ፣ ይቀመጡ። ለሁለት ይበቃናል።"

"ሂሳቡ የአንድ ሰው ነው!" አሉ ካቦው።

"እንካፈለዋለን። እርስዎን ምን ቸገረዎት?"

ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሠራን። እሷ በአገሯ ዜማ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። አቧራው ሲያስነጥሳት ዘፈኑ ይቋረጥና ሁላችንም እንስቃለን። በኋላ ማሽኑ መጣ፤ ተበተንን። ሰዓዳ ወደ አገሯ ገባች። የት ብዬ እንደምጠይቃት እንኳ አላውቅም።

አሁን መናኸሪያው አጠገብ ቆሎ እሸጣለሁ። ያከማቸሁት ማሽላ ወዲያው ነበር ያለቀው፤ ሰፌዱ ግን እስከ ዛሬ ያበላናል። ስጋቱም አልለቀቀኝም። ያ መጋዘን ከነአቧራው ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

ማታ ቤቴ ስገባ ሰፌዴን ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ። ከጎኑ ሌላ ሚስማር መትቻለሁ። ልጆቼ ዕቃ ሊሰቅሉበት ሲሉ እከለክላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሰዓዳ ብትመጣ ሻሿን የምትሰቅልበት ነው።