የኦቦ ገመቹ ራስ ምታትና የአምቦ ድንች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ መኩሪያ ነጭ ጋወን አስለብሰው መደብሩን አስጎበኙኝ። አምቦ ገበያ አጠገብ ያለ ጠባብ መድኃኒት መደብር ነው፤ እሳቸው ባለቤት፣ እኔ አዲስ ድራጊስት። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማይወጣ፣ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ከባንኮኒው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳቡት። በራስ ምታት መድኃኒት ተሞልቷል።

«ሌላው ለወጉ ነው» አሉኝ። «ቤቱን የሚያቆመው ይሄ ነው።»

ከደንበኞቻችን ሁሉ የሚከበሩት ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ከጎጆ ከተማ ድንች በአይሱዙ እያስጫኑ አምቦ የሚያራግፉ ነጋዴ ናቸው። ገና ሲገቡ ጋሽ መኩሪያ ወንበር ያቀርቡላቸዋል።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ገመቹ?»

«ማታቱ ና ዱኩባ! ራሴን ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

መድኃኒቱን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው እንደ ቆሎ ይቆረጥሙታል። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰውም «እንካ፣ ቅመስ» እያሉ ይዘረጋሉ።

መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር ግን ሕመሙም በዛ። ከሰዓት በኋላ የገበያው ጫጫታ አናታቸውን ይበጣው ጀመር፤ ያን ጊዜ ዋጋ መከራከር አይችሉም። አንዲት ሴት ጮክ ብላ «ቀንሱ እንጂ!» ካለቻቸው ጆሯቸውን ይዘው «ውሰጂ፣ ውሰጂና ዝም በይልኝ» ይላሉ። ይህን ያወቀ የአምቦ ሰው ድንች የሚገዛው ከምሳ በኋላ ሆነ። የጋሽ መኩሪያ ባለቤት እትዬ አልማዝም ዘንቢላቸውን የሚያነሱት ሰዓቱን ጠብቀው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የኦቦ ገመቹ ሚስት አዴ ጫልቱ መጡና ባንኮኒው ላይ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ዘረገፉ። ከኮቱ፣ ከፍራሹ ሥር፣ ከፈረሱ ኮርቻ የለቀሙት ነው።

«እኔ ድንች እኮተኩታለሁ፤ እሱ ግማሹን ለእናንተ ያመጣል፣ ግማሹን ለጮኸበት ሁሉ ያድላል። አሁን ለዘር መግዣ በግ ልንሸጥ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ከሆነ ለምን አይድንም?»

የራስ ምታት መድኃኒት አዘውትሮ መዋጥ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ለአዴ ጫልቱ ይህንኑ ነገርኳቸውና ባላቸውን ሆስፒታል እንዲወስዷቸው መከርኳቸው። ጋሽ መኩሪያ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ እኔ ግን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ኦቦ ገመቹ ከሆስፒታል የተመለሱት ተቆጥተው ነው።

«ሐኪሙን ራሴን አመመኝ ስለው ‹መድኃኒቱን ይተዉት፣ የሚያምዎት እሱ ነው› አለኝ። ደግሞ ስተወው መጀመሪያ ይብስብኛል አለ! እንዲብስብኝ ነው ካርድ ያወጣሁት?»

እውነትም ባሰባቸው። አስታወካቸው፣ ከሾፌራቸው ተጣሉ፣ የአይሱዙው ጡሩምባ ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቁ። በዚያው ሰሞን ራሳቸውን በሻርፕ ጠፍረው መደብራችን ገቡ።

«አንድ ፍሬ ብቻ። ከዚህ እስክወጣ ድረስ።»

እምቢ አልኳቸው። ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞሩ፤ የጋሽ መኩሪያ እጅ ወደ መሳቢያው ሄደ። አዴ ጫልቱ ለካ ተከትለዋቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይክፈቱትና እንተያያለን» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቁልፉ ጠፍቷል» አሉ። ቁልፉ መሳቢያው ላይ ተሰክቶ ሁላችንም እናየዋለን።

ኦቦ ገመቹ ቁልፉን አዩት፣ እኛን አዩን፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። አዴ ጫልቱ አጠገባቸው ሆነው ግንባራቸውን ያዙላቸው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልለመኑንም።

ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታቱ ተሻላቸው። ጉዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እትዬ አልማዝ ከምሳ በኋላ ገበያ ወጥተው ባዶ ዘንቢል ይዘው ገቡ።

«ሰውየው ምን ነክቶታል? ብጮህ፣ ብጮህ፣ ፈገግ እያለ እምቢ አለኝ እኮ!»

ጋሽ መኩሪያ እኔን አዩኝ። «መድኃኒት የሚገዛኝን ሰው አዳንሽብኝ። ድንቹንም አስወደድሽብኝ። የቀረሽ ነገር አለ?»

የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ ታሪኩን ለጎጆ ነጋዴ ሁሉ አወሩት፤ መሳቢያውም ገበያ አጣ። ግን በዚያው ወሬ ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ከጎጆም ከጊንጪም «መድኃኒት አንሸጥም የሚሉት ቤት የት ነው?» እያለ ይመጣ ጀመር። ጋሽ መኩሪያ ስሙን አልወደዱትም። ደንበኞቹን ግን ወንበር እያቀረቡ ተቀበሏቸው።

እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። ለአዳዲስ ድራጊስቶች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የራስ ምታት መድኃኒት ለሚጠይቃችሁ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚወስድ ጠይቁት። ከሁለት ቀን በላይ ነው ካላችሁ ወደ ሐኪም ላኩት።